በልጆች የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ዐዋቂዎች ሲሳደቡ ዳኛ ሊያደርገው ስለሚገባ ነገር

የእግር ኳስ ጨዋታ ከከተማ አልፎ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ከገባ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ሜዳው ሣር ይሁን ዐፈር፥ ኳሱም የተገዛ ይሁን ከጨርቅ ተጠቅልሎ የተሰፋ፥ ልጆች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲሰለፉ አባቶችና እናቶች፥ አጎቶችና ጎረቤቶች በዙሪያው ከብበው ይቆማሉ። አስተማሪውም ፊሽካውን ይዞ ወደ መካከል ይገባል፤ በዚያችም ሰዓት አስተማሪነቱ ቀርቶ ዳኛ ይባላል። ልጆቹን መዳኘት ብዙ አያስቸግርም፤ ልጅ ፊሽካ ሲሰማ ይቆማልና። የሚያስቸግረው ከመስመር ውጭ ቆሞ የሚጮኸው፥ የሚዘልፈውና የሚዝተው ዐዋቂ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ስለዚሁ ነገር ነው፤ የሚጠቅመውም ዳኛ ለሚሆኑ አስተማሪዎችና በሜዳው ዙሪያ ለሚቆሙ ሽማግሎች ነው። በውስጡ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ።

የሜዳ ዳኛ ከየት እንደ መጣ

በአማርኛ በችሎት ተቀምጦ የሚፈርደውና በሜዳ ሮጦ የሚፈርደው በአንድ ስም ዳኛ ይባላሉ። በእንግሊዝኛ ግን ስማቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የሜዳው ዳኛ ስም ትርጓሜው «ነገር የሚመራለት ሰው» ማለት ነው። ስሙም የወጣለት ከሥራው ነው። በ1863 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የእግር ኳስ ማኅበር ተቋቁሞ የጨዋታውን ሕግ በጽሑፍ ባወጣ ጊዜ ስለ ዳኛ አንዳች ቃል አልነበረበትም። ጨዋ ሰው አውቆ አያጠፋም፥ ሳያውቅ ቢያጠፋም ራሱ ያምናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን ይህ አሳብ ብዙ ጊዜ አልቈየም። ክርክር በበዛ ጊዜ እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ሸምጋይ ይዞ ይመጣ ጀመር። ሁለቱ ሸምጋዮች ያልተስማሙ እንደ ሆነ ነገሩን ከመስመር ውጭ ለቆመ ለሦስተኛ ሰው ይመሩለታል፤ እርሱም ይቈርጠዋል። በ1891 ዓ.ም. ይህ ሦስተኛው ሰው ወደ ሜዳው መካከል እንዲገባና ሥልጣኑ ሁሉ የእርሱ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሁለቱ ሸምጋዮችም ወደ መስመር ወጥተው የመስመር ዳኞች ሆኑ።

ይህን ታሪክ ለሚሰማ የአገራችን ሽማግሌ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በእኛም ዘንድ ከወዲህና ከወዲያ ወገን ሽማግሌ ተመርጦ፥ በላያቸው ሰብሳቢ ተጨምሮ ነገር ይታያል። እንግዲህ በሽምግልና ላይ የተቀመጠውን ሰብሳቢ ለመሳደብ የሚያፍር ሰው፥ በሜዳ የቆመውን ሰብሳቢ ሲሳደብ ስለ ምን እንደማያፍር ሊጠየቅ ይገባዋል።

የዳኛ ሥልጣን እስከ የት እንደሚደርስ

የጨዋታው ሕግ ዛሬ 17 ክፍል አለው፤ አምስተኛው ክፍል ስለ ዳኛ የሚናገር ነው። በጨዋታው ውስጥ ስለ ሆነው ነገር፥ ይኸውም ኳሱ ገባ ወይም አልገባም፥ ጥፋት ሆነ ወይም አልሆነም ብሎ ዳኛው የፈረደው ፍርድ የመጨረሻ ነው። ስሕተቱን ራሱ ያወቀ እንደ ሆነ ወይም የመስመር ዳኛው የነገረው እንደ ሆነ ሊመልሰው ይችላል፤ ይህም ጨዋታው እንደ ገና ሳይጀመር ነው። ከተጀመረ በኋላ ግን የተመልካች ጩኸት ቀርቶ የራሱ ጸጸት እንኳ ፍርዱን አይመልሰውም።

ስድብን በሚመለከት ሕጉ ሰዎችን በሦስት ወገን ለይቶ ያያቸዋል፤ ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ዳኛ ብዙ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ተጫዋቹ ነው። ተጫዋች ፍርዱን በቃል ወይም በእጅ ምልክት የተቃወመ እንደ ሆነ ቢጫ ካርድ ያሳየዋል፤ የተሳደበ ወይም ያዋረደ እንደ ሆነ ግን በቀይ ካርድ ያስወጣዋል። ካርዶቹ መጀመሪያ የታዩት በ1970 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው፤ አሳቡንም ያመጣው ኬን አስተን የሚባል እንግሊዛዊ ዳኛ በመንገድ ላይ ካለው የመኪና ማቆሚያ መብራት ወስዶ ነው። ጥቅሙም ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች እንኳ ያለ ክርክር እንዲያውቁት ነው። ዳኛው ይናገር የነበረውን ቀለም ስለ ተናገረለት ድምፁን ከፍ ማድረግ አላስፈለገውም።

ሁለተኛው አሠልጣኙና ረዳቶቹ ናቸው። ቀድሞ ለእነርሱ ካርድ አልነበረም፤ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ዳኛው ለአሠልጣኝም ቢጫና ቀይ ካርድ እንዲያሳይ ተፈቀደለት። ከአሠልጣኞቹ መካከል የተሳደበው ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ ቅጣቱ በዚያ ባለው በዋናው አሠልጣኝ ላይ ይወድቃል። የቀድሞውን የአውጫጭኝ ሥርዓት የሚያስታውሱ ሰዎች ይህ ሕግ በምን አሳብ እንደ ወጣ ይገባቸዋል፤ ጥፋተኛው ሲሸሸግ ዕዳው ለጋራ ይሆን ነበርና።

ሦስተኛው ተመልካቹ ነው። ለተመልካች ግን ካርድ የለም። ዳኛው አባትን በካርድ ሊያስወጣ፥ እናትን ሊቀጣ፥ ከሕዝብ መካከል ሰው ሊያስይዝ በጨዋታው ሕግ አልተፈቀደለትም። ነገር ግን ባዶ እጁን አልቀረም። ከውጭ በሚመጣ ሁከት ምክንያት ጨዋታውን ለጊዜው ሊያቆም፥ ሊያዘገይ፥ ፈጽሞም ሊያቋርጥ ይችላል። ሥልጣኑ ያለው በሰውየው ላይ ሳይሆን በጨዋታው ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ዐዋቂ ሰው በልጆች ጨዋታ ስለ ምን እንደሚሳደብ

ብዙው ጩኸት የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ሕጉን ካለማወቅ ነው። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነው ከጨዋታ ውጭ የሚባለው ሕግ ነው። ተጫዋቹ ከጨዋታ ውጭ ነው ወይስ አይደለም የሚባለው ኳሱ ከባልንጀራው እግር በተነካበት ቅጽበት በቆመበት ስፍራ ነው እንጂ፥ ኳሱ በደረሰው ጊዜ በተገኘበት ስፍራ አይደለም። በሜዳው ዳር የቆመ አባት ግን ዓይኑ ኳሱን ይከተላል፤ ኳሱ ከልጁ እግር ሲደርስ ልጁ ከተከላካዮቹ አልፎ ብቻውን ያየዋል፤ ኳሱ በተመታ ጊዜ የት ቆሞ እንደ ነበረ አላየም። ስለዚህ ዳኛው በትክክል ሲያጫውት «ታውሯል» ይላል፥ «ጉቦ በልቷል» ይላል። እንደዚሁም ተጫዋቹ በራሱ እኩሌታ ሜዳ ሳለ፥ ወይም ኳሱ ከእጅ ውርወራ፥ ከግብ ምትና ከማዕዘን ምት በቀጥታ የመጣለት እንደ ሆነ ከጨዋታ ውጭ የሚባል ነገር እንደሌለ የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው። ኳስ እጅን የነካ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ብሎ የሚያምነውም ብዙ ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

አስተዋይ አስተማሪ ከጨዋታው በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ሽማግሎችን ሰብስቦ፥ ሁለት ልጆችን አቁሞ፥ ይህን አንድ ሕግ በዓይናቸው ቢያሳያቸው በኋላ ከሚመጣው ስድብ ብዙውን አስቀድሞ ያደርቀዋል። ይህ ድካም ከንቱ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክረው።

ሌላው ምክንያት ግን ከዚህ የከበደ ነው። አባት በልጁ ራሱን ያያል። ልጁ ሲወድቅ የወደቀ፥ ልጁ ሲሸነፍ በጎረቤት ፊት የተዋረደ ይመስለዋል። በቤቱና በማኅበሩ ቃሉ የተመዘነ፥ በለቅሶና በሠርግ የተከበረ ሰው በኳስ ሜዳ ላይ ልብሱን ጥሎ ሲጮህ የሚታየው ስለዚህ ነው። በዚያች ሰዓት የሚጮኸው ስለ ፍርዱ ትክክል መሆንና አለመሆን አይደለም። ስለዚህ ዳኛው ሕጉን ጠቅሶ ሊያስረዳው ቢሞክር አይሰማውም፤ ይህ ሰው በኋላ ሲበርድለት የሚያስረዱት እንጂ ሲጋል የሚከራከሩት አይደለም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የገናን ጨዋታ ጠቅሶ ይከራከራል። በገና በዓል ታላቁም ታናሹም እኩል ዱላ ይዘው ሲመቱ፥ ታናሹ ታላቁን ቢዘልፍ ቂም አልነበረም፤ የኳስም ሜዳ እንዲሁ ነው ይላል። ክርክሩ መልስ ሊሰጠው የሚገባ ነው። የገና ፈቃድ በዓመት አንድ ጊዜ ነበረ፤ የሚዘላለፉትም ሁለቱም ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ዘለፋው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነበረ፤ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ሎሌ በጌታው ላይ በአንድ ቀን ይስቅ ዘንድ የተፈቀደ ነውና። በልጆች ኳስ ሜዳ ላይ የሚሰማው ስድብ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የአርባ ዓመት ሰው በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ወይም ሊመልስለት በማይችል ዳኛ ላይ የሚያወርደው ነው። ሁለቱ አይመሳሰሉም።

የዳኛውም ዕድሜ ሊታሰብ ይገባዋል። በእንግሊዝ አገር 14 ዓመት የሞላው ልጅ የዳኝነት ትምህርት ተምሮ የታናናሾቹን ጨዋታ እንዲዳኝ ተፈቅዷል። ስለዚህ በመካከል ቆሞ የሚሰደበው ብዙ ጊዜ ራሱ ልጅ ነው። በዚያ አገር አንዳንድ አውራጃዎች ዳኛው 18 ዓመት ያልሞላው መሆኑን ዐዋቂዎች አይተው እንዲታገሡ፥ በክንዱ ሐምራዊ ጨርቅ እንዲያስር አድርገዋል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የልጅን ፊት አይቶ ልጅ መሆኑን ያላወቀ ሰው ጨርቁን አይቶ ያውቃልን?

ነገሩ ምን ያህል እንደሚከፋ

«ስድብ አፍ ላይ ይቀራል፥ አይገድልም» የሚል ሰው በሆላንድ አገር አልሜሬ በሚባል ከተማ የሆነውን ይስማ። በታኅሣሥ ወር በ2012 ዓ.ም. ሁለት የልጆች ቡድን ተጫወቱ። በዚያ አገር ልማድ ለልጆች ጨዋታ የመስመር ዳኛ የሚሆነው ከወላጆች ፈቃደኛ የሆነው ነው፤ በዚያም ቀን ባንዲራውን የያዘው ከተጫዋቾቹ የአንዱ አባት ነበረ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ከተቃራኒው ቡድን ልጆች በእርሱ ላይ ተነሥተው ደበደቡት፤ ራሱንም ረገጡት። ሰውየው ተነሥቶ የቆመ ስለ ሆነ የዳነ መስሎ ነበር፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ወደቀ፥ በማግሥቱም ሞተ። ዕድሜውም 41 ዓመት ነበረ። በ2013 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ስድስት ልጆችና ከእነርሱ የአንዱን አባት በነፍስ ጥፋተኞች አድርጎ ፈረደባቸው፤ ልጆቹ እስከ ሁለት ዓመት የደረሰ እስራት ሲፈረድባቸው፥ የ50 ዓመቱ አባት ግን ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ከሞቱ በኋላ በመጣው ቅዳሜና እሑድ በሆላንድ አገር ሁሉ የአማተሮች ጨዋታ እንዲቀር ተደረገ።

በዚህ ነገር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የልጆቹ ቍጣ ብቻ አይደለም። ሊገላግል የሚገባው ዐዋቂ ከመቺዎቹ ጋር ቆሞ ተገኘ። ልጅ በሜዳ ላይ የሚያደርገውን የሚለካው በዳር የቆመው አባቱ በሚፈቅድለት መጠን ነው።

ዳኛው በተራ የሚያደርገው

ሥራው የሚጀመረው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ነው። የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር በ2008 ዓ.ም. ስለ አክብሮት ያወጣው ደንብ ከሁሉ አስቀድሞ ያዘዘው ተራ ነገር ነው፤ ይኸውም ገመድ ነው። ከሜዳው መስመር ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ በአንዱ ወገን ገመድ ይዘረጋል፤ ተመልካች ሁሉ ከገመዱ በስተኋላ ይቆማል፤ አሠልጣኞቹ ግን በወዲያኛው ወገን ናቸው። ከግብ በስተኋላ ማንም አይቆምም። በገጠር ገመድ የታጣ እንደ ሆነ ጥቂት ችካል ተክሎ በመካከሉ አመድ ወይም ኖራ መስመር አድርጎ መበተን ይበቃል። ነገሩ ቀላል ነው፥ ነገር ግን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ልጁ ከአሠልጣኙና ከአባቱ ሁለት ልዩ ልዩ ትእዛዝ በአንድ ጆሮው እንዳይሰማ ያደርገዋል፤ ተሳዳቢውም ወደ ዳኛው ለመድረስ መስመር መሻገር ስላለበት መሻገሩ በሕዝብ ፊት ይታወቅበታል። በዚሁ ደንብ ዳኛውን ስለ ፍርዱ ሊያነጋግር የሚገባው አምበሉ ብቻ ነው። በልጆች ጨዋታ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ አሥር ልጅ ዝም ብሎ አንዱ በጨዋነት ሲጠይቅ ዐዋቂዎቹ ያያሉ።

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ አንድ ጊዜ የተሰማ ጩኸት ሁሉ ጨዋታ አያስቆምም። «ኧረ ዳኛ!» ብሎ የጮኸ ሰው አልተሳደበም፥ ልቡ ተነክቶ ነው፤ ዳኛው እንዳልሰማ ሆኖ ይለፈው። ስድብ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ይልቁንም በልጅ ላይ የወረደ እንደ ሆነ፥ ዝም ሊል አይገባውም። በብዙ አገር ዳኞች የሚማሩት ሥርዓት ሦስት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ መለመን፥ ቀጥሎ ማዘዝ፥ በመጨረሻ ማስወጣት ነው።

በልመናው ደረጃ ዳኛው ኳሱ ከሜዳ የወጣበትን ጊዜ ጠብቆ ወደ አሠልጣኙ ይሄዳል፤ ወደ ሕዝቡ ብቻውን አይሄድም። የሰውየው ወገን የሆነው አሠልጣኝ ሄዶ «አባቴ፥ ልጆቹ ይሰማሉ፤ እባክዎ ዝም ብለው ይመልከቱልን» ይበለው። ይህ ቃል በቀስታ፥ በቅርብ፥ ሌላ ሰው ሳይሰማ መነገር አለበት። ሰው በሕዝብ ፊት የተገሠጸ እንደ ሆነ ክብሩን ለማስመለስ ሲል ብቻ ይብሳል። በትእዛዙ ደረጃ ጨዋታው በግልጥ ይቆማል፤ ዳኛው አሠልጣኞችን ሁለቱንም ጠርቶ ይህ ሰው ዝም ካላለ ጨዋታው እንደማይቀጥል ያስታውቃል። በሦስተኛው ደረጃ ሰውየው ከሜዳው እንዲርቅ ይጠየቃል፤ ልጆቹም ወደ መካከል ተሰብስበው ውኃ ይጠጣሉ። ጨዋታው የሚቀጥለው ሰውየው ከሄደ ብቻ ነው። እንቢ ያለ እንደ ሆነ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን ያቋርጣል፤ ማን አሸነፈ ብሎ ግን አይፈርድም፤ ይህን የሚቈርጡት ውድድሩን ያዘጋጁት ናቸው።

እጅ የተነሣ፥ ድንጋይ የተወረወረ፥ በሞት የተዛተ እንደ ሆነ ግን ደረጃ መቍጠር የለም፤ ወዲያው ይቋረጣል። ስለ አንድ ሰው አፍ ሃያ ሁለት ልጅ ጨዋታውን ማጣቱ ያሳዝናል፤ ብዙ ዳኛም ለልጆቹ አዝኖ ይቀጥላል። ይህ ርኅራኄ የተሳሳተ ነው፤ ልጆቹ የሚያጡት የአንድ ቀን ጨዋታ ነው፤ ሰውየው ግን በዚያ ቀን ከቀጠለ በሚመጣው ሳምንት ሁለት ሆኖ ይመጣል።

ዳኛው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሌሎችም ነገሮች አሉ። ስድብን በስድብ አይመልስ። ጩኸቱን ለማብረድ ሲል ለጮኸው ወገን ያልተገባ ፍጹም ቅጣት ምት አይስጥ፤ ይህ በችሎት ቢሆን ጉቦ ይባላል፤ በሜዳም ስሙ አይለወጥም። የአባትን ጥፋት በልጁ ላይ አይቍጠር፤ አባቱ ሲሳደብ ልጁ አንገቱን ደፍቶ የቆመ እንደ ሆነ እንዲያውም በቀስታ ስሙን ጠርቶ ያጽናናው።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ሌላም ዘዴ ተሞክሯል። አንዳንድ ውድድሮች ተመልካች ማጨብጨብ እንጂ መናገር የማይፈቀድለትን ቀን ወስነው ልጆቹ እርስ በርሳቸው እየተጠራሩ እንዲጫወቱ ያደርጋሉ። በእንግሊዝ አገር በ2023 ዓ.ም. ሚድልስብሮ ላይ ዳኞች በደረታቸው ካሜራ አድርገው እንዲዳኙ ተጀምሯል፤ ይህ ግን በዐዋቂዎች ጨዋታ ነው፤ ካሜራውም የሚመሰክረው ስድቡ ከተነገረ በኋላ ነው።

ስለ ሽማግሎች ተራ

የገጠር አስተማሪ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ምናልባትም የሌላ አገር ተወላጅ ነው። የሚሳደበው ሰው ግን የአስተማሪውን አባት የሚያህል ይሆናል። እንዲህ ላለው ሰው ከወጣት አፍ የወጣ ትእዛዝ፥ ትክክል ቢሆንም እንኳ፥ ድፍረት ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ከሁለቱ መንደር አንድ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ተመርጦ በገመዱ አጠገብ ይቁም። በእንግሊዝ አገርም ቡድኖች ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው መርጠው ምልክት ያለው ልብስ ያለብሱታል። በእኛ አገር ሽበቱ ምልክት ይሆነዋል። አስተማሪው በዓይኑ ሲጠቅሰው ሽማግሌው ወደ ተሳዳቢው ሄዶ «ወንድሜ፥ ና እስቲ ከዚህ ዛፍ ሥር ትንሽ እንቀመጥ» ቢለው፥ ሰውየው ሳይዋረድ ከገመዱ ርቋል፤ ጨዋታውም አልቆመም። ሽማግሌው የሚቆመው ግን በራሱ መንደር ሰዎች ዘንድ ይሁን፤ የሌላውን መንደር ሰው ሊገሥጽ የሄደ እንደ ሆነ ነገሩ የመንደር ጠብ ይሆናል።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስለሚጻፈው ወረቀት

ስድብ የተፈጸመበት ጨዋታ ባለቀበት ቀን፥ ሳያድር፥ ዳኛው የሆነውን በወረቀት ይጽፋል። የሚጽፈውም ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው፤ ከሰው የሰማው እንደ ሆነ የነገረውን ሰው ስም ለይቶ ያመለክታል። በስንተኛው ደቂቃ እንደ ሆነ፥ ሰውየው የት ቆሞ እንደ ነበረ፥ ስንት ጊዜ እንደ ተለመነ ይጻፋል። ስድቡም ቃል በቃል ይጻፋል። ጨዋ ጸሐፊ የረከሰ ቃል በብዕሩ መጻፍ ያሳፍረዋል፤ «አጸያፊ ቃል ተናገረ» ብሎ ሊያልፈውም ይወዳል። ነገር ግን እንዲህ የተጻፈ እንደ ሆነ ነገሩን የሚያዩት ሰዎች ቀላሉን ከከባዱ ሊለዩ አይችሉም፤ «ታውረሃል» ያለውና ልጅን በእናቱ የሰደበው በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። ሁለቱ ሽማግሎች አንብበው ወይም ተነቦላቸው በሥሩ ይፈርማሉ፤ መፈረም የማይችለውም የጣቱን አሻራ ያኖራል። አንዱ ግልባጭ ለውድድሩ አዘጋጆች ይላካል፤ ሁለተኛው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል።